ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ኅዳር 1 ቀን 2074 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከገበያ ስመለስ ሊፍቱ በባለቤቴ ድምፅ አናገረኝ።

«ሰባተኛ ፎቅ ደርሰዋል። እባክዎ በሩ እስኪከፈት በትዕግሥት ይጠብቁ።»

ኪሩቤል ከሞተ አምሳኛ ቀኑ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ «እርስዎ» ብሎኝ አያውቅም። በሩ ተከፈተ። በእጄ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ይዤ ነበር። ቤቴ ገባሁና ቲማቲሙን አጠብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምወጣው በደረጃ ነው።

እኔ ቤት ለመድረስ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግራ ጉልበቴ ስላበጠ ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻ መጻፍ እችልበታለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል።

የድምፅና የብርሃን አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ከብሎካችን ሁለት ፌርማታ ይርቃል። ግድግዳው እንደ ሌላው ሕንፃ ሁሉ ድምፅ የሚውጥ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወደ ስድሳ የምንሆን ባለጉዳዮች ተቀምጠናል፤ የሚሰማኝ ግን አጠገቤ ያለው ሰውዬ ማኘክ ብቻ ነው። ማዶ ያለችው ሴት እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠብቄ ሦስተኛው መስኮት ላይ ተጠራሁ። ምስጋናው የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጨዋ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«የብሎክ 41 ሊፍት ድምፅ ይቀየርልኝ።»

«ጮኸብዎት?»

«አልጮኸም። የባለቤቴ ድምፅ ነው።»

ፊቱ በራ። «ታድለው! ከዚህ ሁሉ ሺህ ሰው ተመርጠው እኮ ነው!»

«ሞቷል።»

«ውይ። ነፍስ ይማር።» ሰሌዳው ላይ ጣቱን አንሸራተተ። «ግን ባለቤትዎ ተስማምተዋል። መስከረም 12፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት። ‹ድምፅዎ ለሕንፃው አገልግሎት ይዋል ወይ?› ተብለው አዎ ብለዋል።»

«በዚያ ሰዓት አዎ ሊል አይችልም።»

«ለምን?»

«እየሞተ ነበር።»

«የሐኪም ወረቀቱ አራት ተኩል ገደማ ነው የሚለው። ስምምነቱ ይቀድማል።» ሊያጽናናኝ እየሞከረ እንደሆነ ገባኝ። «ከዚያ በኋላ ቢሆን ኖሮ ውድቅ ነበር። እኛ የሙት ፈቃድ አንቀበልም።»

ዝርዝሩን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ሰሚ፣ ማለትም የየቤቱን ድምፅ የሚያዳምጠው ማሽን፣ ጠዋት ጠዋት ያደሩ ጥያቄዎችን ለየቤቱ ይጠይቃል፤ የዚያን ቀን ኪሩቤልን አራት ጠይቆታል። አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ፣ መጋረጃው ይዘጋ? አዎ። ከዘጠኝ፣ የዜና ንባቡ ይቀጥል? አዎ። ከአሥራ ሦስት፣ ዝናብ ስለሚመጣ የተሰጣው ልብስ ይግባ? አዎ። ከአሥራ ሰባት፣ ድምፁ።

መጋረጃው። በአራት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር የተኛ መሰለኝ። እንዳይነቃ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ መልሼ ዘጋሁት።

ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። «ድምፁን ማሰማት ይቻላል?» አልኩት።

አሰማኝ። እ። እ። እ። እ። አራቱንም አዳመጥኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ አራተኛው ከሁሉም ያጥራል።

«አዩ? ጥርት ያለ አዎ ነው» አለ ምስጋናው።

«የትንፋሽ ማጠር ነው።»

«እናቴ፣ ሰሚ እኮ በብርሃን ነው የሚሰማው። በብርሃን የሚሰማ አይሳሳትም። ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ልጅ ፊት ዝም ብሎ መቆም ይከብደኛል። «ብርሃን ፈጣን ነው» አልኩት። «ብርሃኑ የሚያነበው ግን የመስኮቱን መስታወት መንቀጥቀጥ ነው። መስታወት ትንፋሽ መሳቡን ያውቃል፤ ለምን እንደተሳበ አያውቅም።»

«እሱን ደንብ 14 ፈትቶታል። ወደ ውስጥ የተሳበ አጭር ትንፋሽ አዎ ነው። ሰሚን የሠሩት ሰዎች የኛ ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን እንደሚስብ አያውቁም ነበር። ሰው እ ባለ ቁጥር ታመመ ብለው አምቡላንስ እየላኩ ሕዝቡን አማርረውት ነበር አሉ፤ እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ። አንዲት አስተማሪ ናቸው በጥናት ያስረዷቸው። ይኸው ስማቸው፣ ወይዘሮ ፌቨን አስ…» ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ነኝ።»

«እና ታዲያ?» አለ።



ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሚ ወደ ብሎካችን የገባው በ2066 ነው። በመጀመሪያው ወር ብቻ እኛ ቤት ስድስት ጊዜ አምቡላንስ መጥቷል። ኪሩቤል አፉን ከፍቶ አዎ የሚል ሰው አልነበረም። ጨው ልጨምር? ስለው እ ይላል፤ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ። ትንሽ ቆይቶ ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ይቆማሉ። በአራተኛው ጊዜ ነርሷ ብርጭቆ የት እንደምናስቀምጥ አውቃ ነበር። ኪሩቤል ሻይ ያቀርብላቸዋል፤ እነሱም ይጠጣሉ፤ እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። ብሎኩም፣ ሰፈሩም፣ ከተማውም እንደዚያው ነበር። ለቅሶ ቤት ውስጥ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ቃሬዛ የገባበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ አሥራ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። የሚሳብና የሚወጣ ትንፋሽ በመስታወት ላይ የሚሠሩትን ሞገድ በግራፍ አሳየሁ። የተሳበው አዎ ተብሎ እንዲመዘገብ ጠየቅኩ። በሦስት ሳምንት ጸደቀ፤ ማመልከቻ በሦስት ሳምንት ሲጸድቅ አይቼ አላውቅም። ምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ኪሩቤል ኮሪደራችን ላይ ትንሽ አንጋድዶ ሰቀለው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አዎን ያስመዘገበች ሚስት ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ» ይል ነበር። ለስምንት ዓመት በስህተት አንድም አምቡላንስ ብሎካችን አልመጣም።

ምስጋናው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሚ ከመስታወት ያነበበው መዝገብ የሚሻረው ከመስታወት ባልመጣ ማስረጃ ብቻ ነው። የሚያውቁት ምስክር አለ? እርስዎ የት ነበሩ?»

«ዝም ክፍል ውስጥ።»

ዝም ክፍል በየቤቱ አለ፤ በሩ ከተዘጋ ከውጭ ምንም አይገባም። የጎረቤት ልጅ ያስያዘችኝን መልመጃ እያረምኩ ነበር። ርዕሱ የድምፅ ፍጥነት ነው፤ በአየር፣ በውኃ፣ በብረት።

«እንግዲህ» አለ ምስጋናው፤ ባዶ እጆቹን ዘርግቶ።

ወደ ቤት ተመለስኩ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ሶልያና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ከእኛ ቤት ሥር ያለው ቤት የእሳቸው ነው። ደረጃ ላይ የሚከትፉት ቤት ውስጥ ሲሆን ሰሚ «እያለቀሱ ነው ወይ? የሚያነጋግርዎ ሰው ይፈልጋሉ ወይ?» እያለ ስለሚያደርቃቸው ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ያላማረሩበት ነገር እዚህ ብሎክ ውስጥ የለም።

«ዛሬም በእግርሽ? ከሊፍቱ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«ጉልበቴን ላጠንክር ብዬ ነው።»

«ለየትኛው ኦሎምፒክ?» ቢላዋውን አወዛወዙ። «ከየት ነው ደሞ እንዲህ ከስለሽ?»

«ከድምፅና ብርሃን ቢሮ።»

«አንቺን እንኳ አስተናገዱሽ! የኔን አቤቱታ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ እንደበሉት ቀሩ። በጽሑፍ ነው ያስገባሁት፤ በቁጥር፣ በማኅተም!»

«የምን አቤቱታ ነው?»

«የቧንቧው ነዋ! ሐዘን ላይ ነሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ከበላዬ ካላችሁት ስድስት ቤቶች አንዱ ቧንቧውን ሲቀጠቅጥ፣ ጆሮዬን በጥሶ ሊጥለው! ያ ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ከበሮ መቺ ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም። ግድግዳው ድምፅ ይውጣል ብለው ገንዘባችንን በሉ፤ ይኸው በቧንቧው ዞሮ መጣ። ሰሚን ብጠይቀው ‹ምንም አልተሰማም› ይለኛል። ደንቆሮ!»

ሰሚ የኳኳታ ዓይነት ድምፅን ሁሉ ጥሎ ነው የሚያዳምጠው፤ በር መደብደብን፣ ሚስማር መምታትን ይተዋል። ይህንን አውቅ ነበር። ብሎካችን የድሮው የብረት ቧንቧ ካልተቀየረላቸው ጥቂቶች አንዱ መሆኑንም አውቅ ነበር።

«መቼ ነበር?» አልኳቸው።

«መስከረም 12። የሕንፃው ስብሰባ ቀን፤ ልብሴን እየቀየርኩ ነበር። አራት ሰዓት አለፍ ሲል ጀመረ።»

«በምን የሚመታ ይመስላል?»

«በምን ልበልሽ… ቀጭን ነው። በማንኪያ ነገር።»

የሻይ ማንኪያው ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር ያገኘሁት። ሰው ከመግባቱ በፊት አንስቼ አጠብኩት።

«እርስዎ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ዘነዘናዬን አነሣሁና መለስኩለታ! ቷ! ቷ! ቷ! ስመታ ዝም ይላል። ዝም ስል ደግሞ ይመታል። እኔ ስመታ ዝም፣ ዝም ስል እሱ። እንዲህ ስንባባል ቆይተን በኋላ እሱ…»

ቢላዋው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እኔ ቤት የገቡት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ነበሩ።

«ፌቨን… ያንቺ መኝታ ቤት…»

«ቧንቧው በራስጌያችን ነው የሚያልፈው።»

ሽንኩርቱ ዓይናቸውን ያቃጥለው ነበር።

«እኔ እኮ ዝም በል ማለቴ ነበር» አሉ።

«እሱ እንደዚያ አልሰማው ይሆናል።»

ይህን ያልኩት ለማን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ላይ ወጣሁ። መኝታ ቤት ገብቼ ቧንቧውን በእጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው። ከደረት ከፍታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀለሙ በጣት ጥፍር ስፋት ተልጧል። በየቀኑ አልጋ ሳነጥፍ ፊት ለፊቴ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ሶልያና ቀድመውኝ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዘነዘናውን በፌስታል ይዘዋል።

«ይህን ለምን ያዙ?»

«ማስረጃ ነዋ! ደግሞ ካላመነም…» አላስጨረስኳቸውም። በእግር ወረድን። በየፎቁ ላይ ቆመው እኔንም፣ ሕንፃውንም፣ መንግሥትንም ረገሙ።

ምስጋናው አቤቱታውን አወጣው። በእርግጥ ነበረ፤ ያልተከፈተ። መስከረም 12፣ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ የገባ ነው፤ «ከአሥር ደቂቃ በላይ በተከታታይ» ይላል። ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ እንዴት ይሆናል? እርስዎ አንድ ክፍል አልፎ ያልሰሙት አንድ ፎቅ ወርዶ ይሰማል? ብረት እኮ ድፍን ነው፤ ድምፅ ያፍናል እንጂ አያሳልፍም።»

«አስተምሪው!» አሉ እትዬ ሶልያና።

ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ከዳር እስከ ዳር ወደ አርባ ሜትር የሚሆን የብረት መደገፊያ አለው። እትዬ ሶልያናን ወደ መጨረሻው ጫፍ ላክኋቸው። ዘነዘናቸውን አነሡ፤ መቱ። እጃቸው ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ይታያል፤ ግድግዳው ሁሉንም ውጦ ምንም አይሰማም። ባለጉዳዮች ዞር ብለው አዩአቸው።

«ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ጆሮህን ብረቱ ላይ ለጥፍ።»

ክራቫቱን ያዝ አድርጎ ጎንበስ አለ። እትዬ ሶልያና ደገሙ። ልጁ እንደተነደፈ ዘሎ ቀጥ አለ፤ ጆሮውን ይዞ።

«ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ይሄዳል» አልኩት። «በብረት አምስት ሺህ። ብረት እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ጫፍ የደረሰበትን ሌላው ወዲያው ያውቃል። እዚህ ቤት ውስጥ ግድግዳው የሚውጠው በአየር የሚመጣውን ነው። ባለቤቴ ትንፋሽ አጥሮት አፉ እንቢ ሲለው፣ የቀረውን መንገድ አግኝቷል።»

እትዬ ሶልያና ከዳር ሆነው ምን እንደሚሉ ባይሰማም፣ «በቃ ወይስ ልጨምር?» የሚሉ ይመስላል። በእጄ በቃ አልኳቸው።

ምስጋናው ወደ መስኮቱ ተመልሶ ቅጹን ከፈተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ሳያይ ተናገረ። «ተቀባይነት አለው። መዝገቡ ከ‹አዎ› ወደ ‹የእርዳታ ጥሪ› ይቀየራል። ድምፁ ዛሬውኑ ከሊፍቱ ይወጣል። ግን ሁለት ነገር አለ።»

«ንገረኝ።»

«አንድ፣ መዝገቡ ከተሻረ ደንብ 14 ራሱ ይታገዳል፤ ለእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም፣ ለከተማው በሙሉ። እስኪጣራ ሰሚ እንደ ድሮው ይሆናል። ሕዝቡ ያብዳል፣ እናቴ። ሁለተኛው…» ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረው። «‹የስህተቱ ምንጭ› የሚል መስመር አለ። በእጅ ጽሑፍ ነው የሚሞላው። የደንቡን አመልካች ስም ይጠይቃል።»

መስመሩን አነበብኩ።

«መተው ይቻላል» አለ በቀስታ። «አሁን ባለበት ከተወነው፣ መዝገቡ የሚለው ባለቤትዎ ረጋ ብለው ጥያቄ ሲመልሱ እንደነበር ነው። አራት ጊዜ አዎ ብለው አለፉ። ሊፍቱን ለኔ ይተዉት፤ ድምፁን ቀነስ የማደርግበት ዘዴ አላጣም። ለእርስዎ አይሻልም?»

ልጁ ደግ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አዎ አላለም» አልኩት። «እየጠራኝ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ።»

ብዕሩን ወሰድኩና በመስመሩ ላይ ጻፍኩ። ፌቨን አስራደ፣ የፊዚክስ መምህርት፣ ጡረተኛ። ፊደሌ ጥሩ ነው፤ ለሰሌዳ የለመደ እጅ ነው። እትዬ ሶልያና በትከሻዬ በኩል አንብበው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለእሳቸው ብዙ ነው።

ወደ ብሎካችን ስንመለስ ደረጃው ሥር ቆምኩ። እትዬ ሶልያና ክንዴን ያዙኝ። «ዛሬስ አልወጣም፤ ጉልበቴ የኔ ነው። ነይ ግቢ።» ሊፍቱ ውስጥ ገባን። በሩ ተዘጋ። የሚናገር ነገር አልነበረም፤ የሞተሩ ማጉረምረም ብቻ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቁጥሮቹ በየተራ እየበሩ አለፉ። ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ዘነዘና የያዙ ሁለት አሮጊቶችና ሁለት እኔን አየሁ።

«ምሳ እኔ ጋ ይብሉ» አልኳቸው። «ቲማቲም አለኝ።»

«እ» አሉ እትዬ ሶልያና፤ ትንፋሻቸውን ሳብ አድርገው።

ሊፍቱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አለ። በሩ ተከፈተ። ጣሪያው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ የማላውቃት ሴት ድምፅ «የትንፋሽ ማጠር ተሰምቷል። እርዳታ በመምጣት ላይ ነው። እባክዎ ካሉበት አይንቀሳቀሱ» አለ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሶልያና። «ጀመረው! ደግሞ ጀመረው! ደህና ነኝ በይው እንጂ!»

«አይሰማም። ድሮም አይሰማም ነበር።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እፎይ ብለን…» በሊፍቱ ብረት በኩል ከሥር ሁለተኛ ቃሬዛ የሚጠራ ደወል ተሰማ፤ ሦስተኛ ፎቅ ይመስለኛል። ከዚያ ከላይ አንድ። ሰው ሁሉ እንደለመደው አዎ ይላል። እትዬ ሶልያና ዘነዘናቸውን እንደያዙ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ተሳደቡ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ሁለት የአምቡላንስ ልጆች ደረጃውን እየዘለሉ መጡ፤ አንዷ ነርስ ናት፣ ኦክስጅኑን አንግታለች። ሰዓቴን ደግሜ አየሁ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

«ማናቸው የታመሙት?» አለች ነርሷ እያለከለከች።

«ማንም!» ጮኹ እትዬ ሶልያና። «ማንም አልታመመም! ደግሞ ሲፈጥኑ! አየሻቸው፣ ፌቨን? ሲፈጥኑ!»

«እ» አልኩ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች።